ፍቅርን የተለማመዱበት ምድር ቤት

(በአሜሪካ ለሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪዎች፣ የወጣት መሪዎችና ወላጆች የቀረበ ንግግር)

ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ፍቅርና ዘረኝነት የሚል ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ስለ ፍቅር ሲሰበክ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ስሜት ሆኖ ይቀራል፤ ልብ ሲሞቅ ይመጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሄዳል። ስለዚህ ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥቶ "በቆዳዬ ቀለም ሰደቡኝ" ሲለን፣ "ይቅር በላቸው፣ ውደዳቸው" እንለዋለን። እንዴት አድርጎ እንደሚወድ ግን አናሳየውም። ዋና የማያውቅን ልጅ ሙላት ላይ አድርሶ "ግባ" እንደ ማለት ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ክርስቶስ ያዘዘው ፍቅር ልምምድ የሚፈልግ ሥራ ነው። ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ያልለመደው ሰው በስድቡ ቀን አያገኘውም። ይህን ገብቷቸው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወንበር ደርድረው የተለማመዱ ሰዎች ነበሩና፣ ከእነሱ እጀምራለሁ።

ቦታው በአሜሪካ ደቡብ፣ በቴነሲ ግዛት ያለችው ናሽቪል ናት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1959 ነው፤ ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት ካላስታወቅሁ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በመሀል ከተማዋ ትልልቅ መደብሮች ጥቁር ደንበኛ ገብቶ ጫማም፣ ጨርቅም፣ ደብተርም መግዛት ይችላል። ገንዘቡን ይቀበሉታል። እዚያው መደብር ውስጥ ካለው የምሳ ባንኮኒ ዱካ ስቦ ተቀምጦ ቡና ማዘዝ ግን አይፈቀድለትም። ልጇን ይዛ ስትገዛ የዋለች እናት፣ ልጁ ሲርበው የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም።

ወደዚህች ከተማ ጄምስ ላውሰን የሚባል የሜቶዲስት አገልጋይ መጣ። ለኮሪያ ጦርነት አልመለመልም በማለቱ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሯል። ከእስር ሲወጣ ሕንድ፣ ናግፑር ሄዶ ኮሌጅ ውስጥ እያስተማረ ጋንዲ ያለ ዓመፅ የታገለበትን ዘዴ አጠና። በ1957 ኦበርሊን ኮሌጅ ውስጥ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኙ። ኪንግ፣ ጊዜ ሳትወስድ አሁኑኑ ወደ ደቡብ ና ብሎ ለመነው። ላውሰንም ናሽቪል ገብቶ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ተማሪ ሆነ። ጎን ለጎን በክላርክ ሜሞሪያል ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሥልጠና መስጠት ጀመረ። ሠልጣኞቹ ከፊስክ፣ ከቴነሲ ኤ ኤንድ አይ፣ ከአሜሪካን ባፕቲስት ሴሚናሪና ከሌሎችም የመጡ ተማሪዎች ናቸው። በኋላ የጥቁሮችን የመብት ትግል ከመሩት መካከል ዳያን ናሽ፣ ጆን ሉዊስ፣ በርናርድ ላፋዬት፣ ጄምስ ቤቭል ከዚያ የወጡ ናቸው።

በምድር ቤቱ ምን ይሠራ ነበር? መጀመሪያ ያነባሉ፣ ይነጋገራሉ፤ የተራራውን ስብከት፣ የጋንዲን ትግል፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች የመቀመጫ መለያየትን ተቃውመው ያካሄዱትን የአውቶቡስ አድማ። ከዚያ ወንበሮች እንደ ባንኮኒ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ግማሾቹ ደንበኛ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ግማሾቹ ከኋላ ቆመው ጠላት ይሆናሉ። ይሰድባሉ፣ ይገፋሉ፣ የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይነፋሉ። የተቀመጠው ሰው አይመልስም፣ አይነሣም።

ለመመታትም ሥርዓት ነበረው። መሬት ላይ ከወደቅህ ጉልበትህን ወደ ሆድህ ሰብስብ፣ በሁለት እጅህ ራስህን ሸፍን። ከቻልህ የሚመታህን ሰው ዓይን ዓይኑን እየው፤ ሰው መሆንህን እያየ መምታት ይከብደዋልና። ጓደኛህ ብቻውን ሲደበደብ ካየህ፣ ሳትማታ ገላህን በመሀል አስገባ፤ ዱላው ለሁለት ይከፈላል። ይህንን በቃል ማወቅና ገላ እስኪለምደው ድረስ መሥራት ይለያያሉ። ሰው ሲመታ የሚያደርገውን የሚያደርገው ሳያስብ ነው፤ ገላው ያልለመደውን ጥቅስ በዚያች ቅጽበት አያስታውሰውም።

ከሥልጠናው ቀጥሎ ሙከራ ነበር። በ1959 ኅዳርና ታኅሣሥ ገደማ ጥቂት ጥቂት ሆነው ሁለት መደብሮች ገቡ። መጀመሪያ ዕቃ ገዙ፤ ደንበኛ መሆናቸው እንዲታወቅ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተቀመጡ። "አናስተናግድም" ሲባሉ ኃላፊውን ጠርተው በትሕትና ምክንያቱን ጠየቁ። አመስግነው ወጡ። በዚህ የሚፈልጉትን አገኙ፤ ክልከላው የማን ትእዛዝ እንደሆነና ከማን ጋር መነጋገር እንደሚገባ ለዩ። እኛ ብንሆን ብዙዎቻችን ይህን ደረጃ ዘለን በቀጥታ ወደ ጩኸት እንገባ ነበር።

በየካቲት 13 ቀን 1960፣ 124 ያህል ተማሪዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ሦስት መደብሮች ሄዱና ተቀመጡ። ማንም አላስተናገዳቸውም። ተቀምጠው አጠኑ። በቀጣዮቹ ቀናት ቁጥራቸው ከ200፣ ከ300 አለፈ። በየካቲት 27 ነጭ ወጣቶች ገብተው ደበደቧቸው፣ ከዱካው ጎትተው ጣሏቸው፤ ፖሊስ ደግሞ ከተቀመጡት 81 ሰዎች አሰረ። አንዱ ረድፍ ተይዞ ሲወጣ ሌላው ረድፍ ገብቶ በባዶው ዱካ ይቀመጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ 50 ዶላር ሲቀጣቸውም፣ ብዙዎቹ መክፈል ለጥፋቱ መስማማት ነው ብለው እስር ቤት መረጡ።

ጆን ሉዊስና በርናርድ ላፋዬት አዘጋጅተው ያደሏት አንዲት ወረቀት አለች። ሐሳቧን ልንገራችሁ፤ ብትሰደብ አትሳደብ፣ ብትመታ አትማታ። አትሳቅ። መሪህ ሳይፈቅድ ከመቀመጫህ አትነሣ። በርና መተላለፊያ አትዝጋ። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርግ። ሁልጊዜ ጨዋና ተግባቢ ሁን። ከባድ ነገር ሲደርስ ለመሪህ አስታውቅ። መጨረሻዋ የኢየሱስን፣ የጋንዲንና የኪንግን ትምህርት እንድናስታውስ ያሳስባል። "አትሳቅ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ፍርሃት ሰውን ያስቃል፤ ሳቅ ደግሞ ለተቆጣ ሰው ንቀት ሆኖ ይታየዋል። በመስመሩ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መመሪያ ለመጻፍ አያስብም።

አሁን አንዲት ነገር ቀረብ ብለን እንያት። በእነዚያ ቀናት አንድ ተማሪ መንገድ ላይ ተጥሎ ይደበደባል፤ ላውሰን ወደዚያው ይሄዳል። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ወጣት ዞሮ ፊቱ ላይ ይተፋበታል። ላውሰን ረጋ ብሎ አየውና "መሀረብ ይኖርሃል?" አለው። ወጣቱ ግራ ተጋባ፤ ሳያስበው እጁን ኪሱ ከትቶ መሀረቡን ሰጠው። ላውሰን ምራቁን ጠረገ፣ አመስግኖ መለሰለት። ቀጥሎም ጃኬቱን አይቶ ሞተር ሳይክል እንዳለው ጠየቀው። ወጣቱ አለኝ አለ። ምን ምኑን እንዳሻሻለው ጠየቀው፤ ወጣቱም ያስረዳው ጀመር። በዚህ መሀል የተደበደበው ተማሪ ከመሬት ተነሣ።

እዚህ ውስጥ የተሠራውን ሥራ እዩልኝ። ላውሰን ስድቡን አልደበቀም፤ ምራቁን የጠረገው በተፋው ሰው መሀረብ፣ በተፋው ሰው ፊት ነው። ለተፋው ሰው ደግሞ ደግ ነገር የሚሠራበት ዕድል ሰጠው፤ መሀረብ ማዋስ። ከዚያ ያ ወጣት የሚወደውን ነገር ፈልጎ አገኘ። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። የጥቂቱ ደቂቃ ዝግጅት ግን ናግፑርና እስር ቤት፣ ምድር ቤትና ወንበር ነበረው። "ጠላቶቻችሁን ውደዱ" የሚለው ቃል መሬት ሲወርድ እንዲህ ይመስላል።

ውጤቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ላውሰን በመጋቢት ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። የጥቁሮች ሠፈር በፋሲካ ሰሞን ከመሀል ከተማ መደብሮች አንገዛም አለ፤ ነጋዴው ተጎዳ። በሚያዝያ 19 የተማሪዎቹ ጠበቃ የዜድ አሌግዛንደር ሉቢ ቤት በፈንጂ ተመታ። የዚያን ዕለት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ከተማው አስተዳደር ሄዱ። ዳያን ናሽ ከንቲባ ቤን ዌስትን ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው፤ ሰውን በቀለሙ ብቻ መለየት ትክክል ነው ብለው ያምናሉ ወይ? ከንቲባው ትክክል አይደለም ብለው መለሱ። በግንቦት 10 ስድስት መደብሮች ባንኮኒያቸውን ከፈቱ። የከፈቱትም በስምምነት ነው፤ ጥቂት ጥቂት ጥቁር ደንበኞች በተቀጠረ ሰዓት መጡ፣ ሠራተኞቹ ቀድመው ተነግሯቸዋል፣ ጋዜጠኛም አልተጠራም። ድል ያደረገው ወገን የተሸነፈውን ላለማዋረድ ተጠነቀቀ ማለት ነው። ሆቴሉና ሌላው ሌላው ግን ገና ነበር፤ መለያየትን የሚከለክለው ሕግ በመላ አገሪቱ እስኪወጣ እስከ 1964 መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመልሳችሁ። ነገሩ ከመቀመጫ ጋር መያያዙ በአጋጣሚ አይምሰላችሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 አድልዎን ሲያስረዳ የመረጠው ምሳሌ መቀመጫ ነው። የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው፣ አንተ በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ ይሉታል፤ ለድሀው፣ አንተስ ወደዚያ ቁም፣ ወይም ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ ይሉታል። ፍርዱንም አልሸፋፈነም፤ "ለሰው ፊት ግን ብታዳሉ ኃጢአትን ትሠራላችሁ" አለ። ያዕቆብ የሚከሰው የአስተናጋጁን እጅ ነው፤ ወዴት እንደጠቆመ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ እጅ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። በፊላደልፊያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አብሳሎም ጆንስ ተንበርክኮ ሲጸልይ "ቦታህ ይህ አይደለም" ተብሎ ከጉልበቱ ተነሣ። እነ ሪቻርድ አለን ወጥተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። በኒው ዮርክም ጥቁር ምእመናን በተለየ ስፍራ ተቀመጡ መባሉን እምቢ ብለው በ1808 ወጡና ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው "አቢሲኒያን" የሚል ስም ሰጡት። የቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ታሪክ ከመሥራቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩ ይናገራል። ዛሬ ሐርለም ሄዳችሁ ያንን ስም ስታነቡ፣ በመቀመጫ ምክንያት የወጣ ስም መሆኑን አስታውሱ።

የመጀመሪያይቱም ቤተ ክርስቲያን ብትሆን ከዚህ አላመለጠችም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ብዙ ጊዜ የዲያቆናት ሹመት ብለን እናልፈዋለን። መነሻው ግን የአድልዎ አቤቱታ ነው፤ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ፣ በዕለታዊው ምግብ እደላ የእኛ መበለቶች ይረሳሉ ብለው። ሐዋርያት ምን አደረጉ? "እናንተ ነገር ታበዛላችሁ" አላሉም። "ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን፣ ይህ ወሬ ይቅር" አላሉም። "እንጸልይበት" ብለውም አላሳደሩት። ሕዝቡን ጠሩ፣ ችግሩን አመኑ፣ ሥራውን ለሰባት ሰዎች ሰጡ። የሰባቱን ስም አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። የእደላው ማንኪያ የተበደለው ወገን እጅ ገባ። እኔ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስለ አድልዎ ከዚህ የበለጠ ተግባራዊ ምዕራፍ አላውቅም፤ በየጉባኤያችን ቢነበብ ደስ ይለኛል።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ በጋዛ መንገድ ላይ ይገኛል። እዚያ ያገኘው የእኛን ሰው ነው፤ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ። ጃንደረባው ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ ሰግዶ እየተመለሰ ነው። በኦሪቱ ሕግ ስልብ ወደ ጉባኤው አይገባም ነበር። ይህ ሰው ታዲያ ፊልጶስን ምን ብሎ ለመነው? ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ። ባለ ሠረገላው ኢትዮጵያዊ ነው፤ መቀመጫውን ያካፈለውም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቃት ጥያቄ "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" የምትል ናት። ፊልጶስ የሚከለክል ነገር አልፈለገም። አብረው ወደ ውኃው ወረዱ።

አንድ የተጣመመ ትምህርትም እዚሁ ላቅናላችሁ፤ ልጆቻችን በኢንተርኔት ያገኙታልና። ጥቁር ሕዝብ በኖኅ እርግማን ለባርነት ተሰጠ የሚል ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 9፣ 25ን ክፈቱ። የተረገመው ከነዓን ነው። ካም አልተረገመም፤ የካም ልጅ ኩሽም አልተረገመም። ባሪያ ነጋዴው ሲጠቅሰው የኖረው ጥቅስ ጽሑፉ ላይ የለም። በዘኍልቍ 12 ደግሞ ሙሴ ኢትዮጵያይቱን ስላገባ ማርያምና አሮን ተናገሩ፤ የተቀጣው ተናጋሪው እንጂ የተነገረባት ሴት አይደለችም።

ከአድማጮች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ጉንጭን ማዞር ዝም ማለት አይደለም ወይ? ጌታ ራሱ የተመታ ጊዜ ምን እንዳለ ዮሐንስ 18፣ 23 ላይ አለ፤ "ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?" አልተማታም፤ ዝምም አላለም። ማስረጃ ጠየቀ። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ "በስውር ውጡ" ሲሉት እምቢ አለ፤ ሮማዊ መሆኑን ነግሮ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አደረገ። ስለዚህ በሕግ መጠየቅ ከፍቅር ጋር አይጣላም። ፍቅር "ስለ ዓመፃ ደስ አይለውም" ተብሎ ተጽፏል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ልናገር። በሥራ ቦታ በዘርህ ወይም በትውልድ አገርህ ምክንያት ከተበደልህ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ትችላለህ። ቀኑ ግን የተቆረጠ ነው፤ 180 ቀን፣ የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባለው ግዛት ደግሞ 300 ቀን። በቤት ኪራይ ወይም ግዢ ለደረሰ አድልዎ ለፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ለትምህርት ቤት ጉዳይ የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ 180 ቀን ይሰጣል። ብዙ ወገኖቻችን መብታቸውን የሚያጡት ማስረጃ ጠፍቶ ሳይሆን "ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ" እያሉ ቀኑ ስለሚያልፍ ነው። ለእግዚአብሔር መስጠት መልካም ነው፤ ማመልከቻውንም ስጡ።

ማስረጃ አያያዝ እንዲህ ነው። በዚያው ቀን፣ ከመተኛትህ በፊት ጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተነገረውን ቃል ሳታስተካክል እንደ ተነገረ፣ ማን እንደሰማ። "ሰደበኝ" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ቃሉ ራሱ ይጻፍ፣ ቢያሳፍርም። አቤቱታ በአፍ ካቀረብህ፣ "ዛሬ እንዲህ ብዬ ነግሬዎታለሁ" የሚል አጭር ኢሜይል ላክ። ስለ ሰውየው ልብ አትፍረድ፤ የሠራውን ብቻ ጻፍ። ይህ ለክሱም ይጠቅማል፣ ለነፍስህም።

የኢትዮጵያዊውን የሙሉጌታ ሥራውን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይለኛል። በ1988 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ታሰሩ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ወጣቶቹን ያነሣሣው ቡድንና መሪው በፍትሐ ብሔር ተከሰው በ1990 ዳኞቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱባቸው። በቀል ወንጀለኛ ያወጣል፤ ያ ክስ ግን ከዱላው ጀርባ የነበረውን የጥላቻ ሰባኪ አወጣ።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን። እዚህ ላይ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። የገላትያን 3፣ 28ን በአማርኛ ስሙት፤ "አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም፥ ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም"። ነፃ የሚለውን ቃል ተርጓሚዎቹ "ጨዋ" አሉት። በእኛ ቋንቋ ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን መልካም ጠባይ ያለው ማለት ሆኗል። ታሪካችን በዚህ ቃል ውስጥ ተኝቷል። ይህን ጥቅስ ቅዳሜና እሑድ ያነበቡ ሰዎች ቤታቸው ባሪያ ነበራቸው። ፍትሐ ነገሥት ራሱ ነፃነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን ካወሳ በኋላ በጦርነት ለተማረከ ሰው የባርነትን በር ይከፍታል። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን የነበሩበት ዘመን ነው።

አዋጁ ባርነትን ሻረ፤ ቃሉን ግን ከአፋችን አላወጣውም። ጠቆር ያለውን ልጅ "ባሪያ" ብሎ መቀለድ፣ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ መራቅ፣ ለጋብቻ አጥንት መቁጠር አብሮን መጥቷል። እዚህ አገር ደግሞ አዲስ ጨመርንበት፤ ልጆቻችንን ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጋር አትዋሉ እንላለን። እነዚያ ልጆች አያቶቻቸው በባንኮኒው ላይ ተቀምጠው የተተፋባቸው ናቸው። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ በእነሱ ደም የመጣ ነው፤ በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ ሲሻሻልና በትውልድ አገር የተሠራው ኮታ ሲቀር የተከፈተው በርም በዚያው የትግል ዘመን የተከፈተ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን በዚያ በር ገብተናል። ስለዚህ ከማንም በፊት የሚለመደው ልምምድ የአፍ ልምምድ ነው፤ ቃሉ በቤት ውስጥ ሲነገር ከሰማችሁ፣ የተናገሩት አያት ቢሆኑም፣ ልጆቹ ባሉበት፣ በአክብሮት "እማማ፣ ይህን ቃል በዚህ ቤት አንጠቀምበትም" በሉ። ልጆቹ ከተወሰዱ በኋላ በጆሮ መንገር አይጠቅምም፤ ቃሉን ሰምተዋል፣ ተግሣጹን ግን አልሰሙም። ጳውሎስም ጴጥሮስን ከአሕዛብ ማዕድ በተለየ ጊዜ የገሠጸው በሁሉ ፊት ነው።

ልጅ ተሰድቦ ሲመጣም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አዳምጡ፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ፣ ስልክ አስቀምጣችሁ። "አንተስ ምን አድርገህ ነው?" የምትለው ጥያቄ አትውጣ፤ ልጁ ሁለተኛ አይነግራችሁም። ቃሉን እንዳለ ጻፉ። ለአስተማሪው በዚያው ማታ በጽሑፍ አሳውቁ፣ በሳምንቱ ውስጥ ተገናኙ፤ መልስ ካልተገኘ ለርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው አካሄድ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከምስክር ጋር፣ ቀጥሎ ለጉባኤ። ይቅርታን ለልጁ የምታስተምሩት ከዚህ ሁሉ ጋር እንጂ በዚህ ሁሉ ፋንታ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናት ሲሞክሩት የሚበላሽባቸውን ጥቂት ልጥቀስ። ከጎረቤት ጥቁር ወይም ነጭ ጉባኤ ጋር በዓመት አንድ እሑድ አብሮ መዘመር ይደረግና እንግዶቹ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዶሮ ወጥ ይበላል፣ ይለያያሉ። መልካም ነው፣ ግን እንግዳ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። አብሮ የሚሠራ ሥራ ያስፈልጋል፤ በወር ሁለት ጊዜ ለችግረኞች ምግብ ማደል ቢሆን፣ ቁልፉም የገንዘብ መዝገቡም በሁለቱ ወገን እጅ ሆኖ። ሌላው ስሕተት ደግሞ ስለ ዘረኝነት እንዲናገር ሁልጊዜ የተበደለውን ሰው መድረክ ላይ ማውጣት ነው። ቁስሉን በየሳምንቱ እንዲገልጥ ማስገደድ ፍቅር አይደለም።

አሁን ወደ ልምምዱ እንገባለን። ከኋላዬ ስድስት ወንበር ተደርድሯል። ስድስት ሰው ይቀመጣል፣ አራት ሰው ከኋላ ይቆማል፣ አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር ወደ ሌላው ክፍል ይሂዱ፤ ስድብ በጨዋታም ቢሆን ለእነሱ ከባድ ነው። የሚቆሙት ሰዎች ድምፅ ከፍ ማድረግና ወንበር መግፋት ይችላሉ፤ ሰው አይነኩም፣ የማንንም ዘር የሚጠራ ቃል አይጠቀሙም፤ "ተነሣ፣ ይህ ያንተ ቦታ አይደለም" ማለት ይበቃል። የተቀመጠ ሰው "በቃ" ካለ ሁሉም ወዲያው ያቆማል። ጊዜው አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቦታ እንለዋወጣለን፤ ተሳዳቢ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ማወቅ ከመቀመጡ እኩል ያስፈልጋል። ብዙዎቻችሁ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ የሳቀ ሰው ተነሥቶ ውኃ ይጠጣና እንደገና ይቀመጥ። ከልምምዱ በኋላ አሥር ደቂቃ ክብ ሠርተን ገላችን ውስጥ የተሰማንን እንናገራለን፤ ይህችን አሥር ደቂቃ ዘለን ወደ ቤት አንሄድም፣ የተነሣ ቁጣ ሳይወጣ ቤት ገብቶ በልጅ ላይ ይወጣልና።

በመጀመሪያው ዙር የሚቀመጡት ሰዎች እባካችሁ ወደፊት ኑ።